«ገንዘብ ቢኖረኝ ወፎቼ ያስፈሩ ነበር»

ሥራዬ የፊልም ድምፅ ማስተካከል ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ አንድ ወጣት ላፕቶፑን አቅፎ ይመጣና «ጋሼ፣ ምስሉ አልቋል፤ ድምፁን ብቻ ያስተካክሉልኝ» ይለኛል። ባለፈው ክረምት የመጣው ልጅ ወፎች አንዲትን ትንሽ ከተማ የሚወሩበት አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፊልም እወዳለሁ። ውዱንም ርካሹንም ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለ እነሱ የሚወራው ግን ሁሌም ያው ነው፤ ብዙውም ስህተት ነው። ልጁ ገና ሻይ ሳንጠጣ ዋናውን ስህተት ነገረኝ፦ «ገንዘብ ቢኖረኝ ወፎቼ ያስፈሩ ነበር።» እሱን በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሌሎቹን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ወፍ ሰው ላይ አይመጣም፤ ሁሉም ፈጠራ ነው።» ሥጋ ቤት ደጃፍ ጭላት ከእጁ የነጠቀችው ሰው እንዲህ አይልም። ከዚያም የባሰ ሆኗል። ኦገስት 18 ቀን 1961 በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ያለችው የካፒቶላ ከተማ ነዋሪዎች ጣሪያቸው ሲደበደብ ሌሊት ነቁ። የባሕር ወፎች በመንጋ ሆነው ከቤቱም ከመኪናውም እየተላተሙ ይወድቁ ነበር። ባትሪ ይዘው የወጡ ሰዎች ወፎቹ መብራቱን ተከትለው ሲመጡባቸው ሮጠው ተመለሱ። ሲነጋ መንገዱ በሞቱ ወፎችና ባስመለሱት ዓሣ ተሞልቶ ነበር።

ወፎቹ ግን ሰው ጠልተው አልነበረም። በዚያ በጋ ከባሕሩ ተወስዶ የቆየ ናሙና ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ሲመረመር፣ ዶሞይክ አሲድ የሚባል የነርቭ መርዝ የሚያመነጭ ረቂቅ አልጌ በብዛት ተገኘበት። አልጌውን ትንንሽ ዓሣ ይበላዋል፤ ዓሣውን ወፍ ይበላዋል። አቅጣጫቸው የጠፋባቸው የታመሙ ወፎች ነበሩ ማለት ነው።

«የሂችኮክ ፊልም የተሠራው ከዚህ አደጋ ተነስቶ ነው።» አይደለም። የዳይሬክተሩ የአልፍሬድ ሂችኮክ የ1963 ፊልም «ወፎቹ» የተነሳው ከደራሲዋ ዳፍኒ ዱ ሞሪዬ አጭር ልቦለድ ነው። ልቦለዱ የታተመው በ1952 ሲሆን ታሪኩም በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል የሚሆን ነው። ሂችኮክ ወደ ካሊፎርኒያዋ ቦዴጋ ቤይ አመጣው። የካፒቶላው ነገር የደረሰው እሱ ፊልሙን ሲያዘጋጅ ነው።

«ያለ ሙዚቃ ፍርሃት የለም።» ያ ፊልም የጀርባ ሙዚቃ የለውም። አንድም።

«ወፎቹ ሁሉ የሠለጠኑ ነበሩ።» የሠለጠኑ ነበሩበት፤ አሻንጉሊትም ነበረበት፤ ለብቻው ተቀርጾ በላዩ ላይ የተደረበም ነበረበት። የባሕር ወፎቹን ለመቅረጽ ሠራተኞቹ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያለ የቆሻሻ መጣያ ድረስ ሄደዋል። ምስሉን የሚደርበው ዘዴ በዲዝኒ የነበረ የሶዲየም መብራት ዘዴ ነው፤ ሥራውን የመራው አብ አይወርክስ ነው። አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ መባል አለበት። ተዋናይቷ ቲፒ ሄድረን ሰገነት ላይ የምትጠቃበት ትዕይንት በሰው ሠራሽ ወፍ እንደሚሠራ ተነግሯት ነበር። ቀኑ ሲደርስ እውነተኛ ወፎች ለቀናት ተወረወሩባት፤ ዓይኗ አጠገብ ተቧጨረች፤ ሐኪም እረፍት አዘዘላት። ይህን እንደ ጀግንነት የሚያወሩልኝ አሉ። ግፍ ነው። ለሰውም ለወፍም።

«በርዴሚክ ሆን ተብሎ ለመሳቂያ የተሠራ ነው።» ይሄ በጣም ያናድደኛል። ላላዩት፦ «በርዴሚክ» በሃፍ ሙን ቤይ ከተማ ላይ ንስሮችና ጥንብ አንሳዎች የሚዘምቱበት ፊልም ነው። በ2010 ለሕዝብ ቀረበ፤ ወጪው 10 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል። የሠራው ጄምስ ንዌን የኮምፒውተር ሶፍትዌር የሚሸጥ ሰው ነበር። ከደመወዙ እየቆረጠ፣ በዓመታት ውስጥ፣ በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ቀረጸው። በ2009 የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል አልቀበልህም ሲለው መኪናውን በአሻንጉሊት ወፍና በውሸት ደም አስጊጦ፣ የወፍና የሰው ጩኸት በድምፅ ማጉያ እየለቀቀ እዚያው ከተማ ውስጥ ዞረ። የሚቀልድ ሰው ይህን አያደርግም። ሥራውን አምኖበት ነበር። አዳራሹ ሲስቅም እሱ አብሮ ለመሳቅ አልሠራውም።

«ወፎቹ ቶሎ ካልመጡ ተመልካች ይሄዳል።» በ«በርዴሚክ» ጥቃቱ የሚጀምረው ፊልሙ ወደ መሃል ሲደርስ ነው፤ ሰዎችም ሰለቸን አሉ። ሂችኮክም ግን የመጀመሪያዋን ወፍ ሰው ላይ የሚጥለው ከ20 ደቂቃ በላይ ካስጠበቀ በኋላ ነው። ጥፋቱ መዘግየቱ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሁሉም የ«በርዴሚክ»ን ንስሮች ያነሳል። አየር ላይ ቆመው ክንፍ ያርገበግባሉ፤ እንደ አውሮፕላን እያጓሩ ወርደው ይፈነዳሉ። አዎ፣ ደካማ ግራፊክስ ነው። ግን ፊልሙ ንስር ሳይመጣም ተበላሽቷል። ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንዱ ሲናገር ከጀርባው ጫጫታ አለ። ካሜራው ወደ ሌላው ሲዞር ጫጫታው ድርግም ይላል፤ ሲመለስ እንደገና ይመጣል። ጆሮ ይሄን አይታለልም። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ግን ቦታውን ማመን ያቆማል። ቦታውን ያላመነ ሰው ቦታው ላይ የመጣን ወፍ አይፈራም።

መፍትሔው ስንት ብር ይፈጃል? ምንም። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ ሁሉም ሰው አንድ ደቂቃ ዝም ይበል፤ የቦታው ድምፅ ብቻ ይቀዳ። በኋላ ንግግሮቹ ሥር ወጥ አድርገን እናነጥፈዋለን። ስንቴ እንደተናገርኩ አላውቅም። «ጊዜ የለንም» ይሉኛል፤ አንድ ደቂቃ!

ውድ የተባለውንም የሂችኮክን ፊልም ልብ ብላችሁ እዩት። ሴትዮዋ ትምህርት ቤቱ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲጋራ ታጨሳለች። ከኋላዋ የልጆች መጫወቻ ብረት አለ። አንድ ቁራ ያርፍበታል። ውስጥ ተማሪዎች ይዘምራሉ። መዝሙሩ ይቀጥላል፤ ቁራዎቹ ይጨመራሉ፤ እሷ አላየችም። ከዚያ አንዱን በዓይኗ ተከትላ ስትዞር ብረቱ ጠቁሯል። ከእነዚያ ቁራዎች ብዙዎቹ አሻንጉሊት ነበሩ። ልብ የሚያንጠለጥለው መዝሙሩ ነው።

መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ቤተሰቡ መስኮቱን በጣውላ ዘግቶ ይቀመጣል። ወፍ ብዙም አይታይም። የምንሰማው ከውጭ የሚመጣውን ጩኸትና በሩን የሚወጋውን ምንቃር ነው። ያ ጩኸት በርሊን ውስጥ ኦስካር ዛላ ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሠራው ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ብትለቁት እንኳ ያስፈራል።

ልጁን ላፕቶፑን ክፈት አልኩት። ወፎቹ ያን ያህል አይከፉም ነበር። ምስሉን አጥፍቼ ድምፁን ብቻ አሰማሁት። ሴትዮዋ ስትሮጥ ጄኔሬተር ይሰማል፤ መብራት ጠፍቶ ነበር አለኝ። ባጃጅ ያልፋል። ጥቃቱ ሲጀምር ከኢንተርኔት የወረደ አንድ የንስር ጩኸት አለ፤ ያው ጩኸት 14 ጊዜ። በነገራችን ላይ ፊልም ላይ የምንሰማው የአሜሪካ ንስር ጩኸት ብዙውን ጊዜ የሌላ አዳኝ ወፍ ነው፤ የንስሩ የራሱ ድምፅ ቀጭን ነው። ልጁ ጆሮው ቀላ። ቆጣ ብዬ ተናግሬው ይሆናል፤ ግን ይህን ሁሉ ወራት ከለፋ በኋላ ማንም እውነቱን አልነገረውም ነበር።

ዕቃ ቤት ገባን፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። አሮጌ የቆዳ ጓንት አወጣሁ። ሁለቱን ጣቶቻቸው ጋ ይዛችሁ ማይኩ አጠገብ ብታራግቡ፣ ክንፍ ነው። ዝግ ካላችሁ ትልቅ ወፍ፤ ከፈጠናችሁ እርግብ። ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ሽምብራ አንድ በአንድ ጣልን፤ ጣሪያ ላይ የሚያርፍ ጥፍር ሆነ። ከዚያ ወፍ ከሚታይባቸው 11 ምስሎች 8ቱን አወጣን። በቦታቸው የሴትዮዋ ፊት ቀረ፤ ወደ ጣሪያው የሚያይ።

ዛሬ ፊልሙ ሊያልቅ ነው። የቀረው ጄኔሬተሩ ነው። ንግግሯን ሳይጎዳ እሱን ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ የለኝም፤ ስለዚህ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮቿ እንደገና ይቀዳሉ። ልጁ ቅዳሜ ማለዳ፣ መብራት ካለ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ አንድ ደቂቃ ዝምታ ቀድቶ ይመጣል።