«ስሙ ራሱ ሽጉጥ አይደል?»፦ ትልቁን ሽጉጥ ታጥቆ ስለመውጣት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የአንድ ሕንፃ የጥበቃ ኃላፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ለ11 ዓመት በሠራዊቱ ውስጥ የሽጉጥ ተኩስ አሠልጥኛለሁ። ከመግቢያችን ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል 24 የብረት ሳጥኖችና አሸዋ የተሞላ አንድ በርሜል አሉ። ታጥቆ የመጣ ባለፈቃድ አፈሙዙን ወደ አሸዋው አድርጎ ጥይቱን ያወጣል፣ ሽጉጡን ይቆልፋል፣ ቁጥር ተቀብሎ ይገባል። ስለዚህ በከተማው መሃል ማን ምን ታጥቆ፣ እንዴት ይዞ፣ ምን እያመነ እንደሚዞር በየቀኑ አያለሁ፣ እሰማለሁ። የምሰማው ነገር ሰልችቶኛል፤ ከሰለቸኝም በላይ ያስፈራኛል።

የምጽፈው ፈቃድ ላላቸው ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያስጠይቅ ወንጀል ስለሆነ እዚያ ላይ የምጨምረው ምክር የለኝም።

«ትልቅ ሽጉጥ አይደበቅም፤ ለጀማሪ ትንሿ ትሻላለች»

ሁለቱም ስህተት ነው። ልብስ ገፍቶ የሚታየው እጀታው ነው። አፈሙዙ ወደ ታች ሱሪ ውስጥ ስለሚገባ ትንሽ ቢረዝም ማንም አያየውም፤ እጀታው ግን ወደ ኋላ ወጥቶ ኮቱን ይወጥረዋል። ግሎክ 17ን ከታናሹ ከግሎክ 19 ጋር ብታስተያዩት የርዝመታቸው ልዩነት 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለመደበቅ ችግር የሚሆነው የእጀታው ቁመት ነው።

ትንሿም ለጀማሪ አትሆንም። ቀላል ስለሆነች ስትተኮስ ትራገጣለች፤ ማነጣጠሪያዋም አጭር ስለሆነ ትንሽ የእጅ ስህተት ጥይቱን ሩቅ ይወስደዋል። ያሠለጠንኳቸው ምልምሎች ዒላማ መምታት የጀመሩት በትልቁ ነው። የትልቁ ዕዳ ክብደቱ ነው። ቤሬታ 92 ባዶውን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ካዝናው 15 ጥይት ሲሞላ ኪሎውን ያልፋል። ይህን በቀጭን የሱፍ ቀበቶ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሱሪውን በክርኑ ወደ ላይ ሲገፋ ይውላል፤ ያንን እንቅስቃሴ እኔም ሌባውም እናውቀዋለን። ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆናችሁ ስትታጨቁ ደግሞ አጠገባችሁ ያለው ሰው ጎኑን ሲቆረቁረው ምን እንደሆነ ይገባዋል። ወፍራም ድርብ ቆዳ ቀበቶ ግዙ፤ ሽጉጡን የገዛችሁበት ገንዘብ ካለ ለቀበቶው አይጠፋም።

«ስሙ ራሱ ሽጉጥ አይደል? ሸጎጥ ማድረግ ነው፤ ማህደር ምን ያደርጋል?»

ማህደር የምንለው ወገብ ላይ የሚታሰረውን የሽጉጥ ማስገቢያ ነው። ይህችን አባባል ከስንት ሰው እንደሰማሁ ቁጥሩን ረስቻለሁ። እውነት ነው፣ ቃሉ ከ«ሸጎጠ» የመጣ ነው። እናቶቻችን ብር በመቀነታቸው፣ ደብዳቤ ከፍራሽ ሥር ይሸጉጣሉ። በመቀነት የተሸጎጠ ብር ግን አይባርቅም።

አንድ ጠዋት፣ ክረምት ነው፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ አንድ ነጋዴ ከመርካቶ ጉዳይ ሊያስፈጽሙ መጡ። ፈታሿ ልጅ «ጋሼ፣ መሣሪያ ይዘዋል?» አለቻቸው። «አዎ ልጄ» ብለው ጃኬታቸውን ገለጡና ያለ ምንም ማህደር ሱሪያቸው ውስጥ የተሻጠውን ቤሬታ በእጀታው ይዘው ሳቡት። አመልካች ጣታቸው ቃታው ላይ ነበር። አፈሙዙ መጀመሪያ በገዛ ጭናቸው ላይ አለፈ፤ ከዚያ ዞሮ የልጅቷ ሆድ ላይ አረፈ። ከሆዷ የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

«ጋሼ፣ እንዳሉ ይቁሙልኝ። ጣትዎን ብቻ ከቃታው ያንሡ» አልኳቸው።

«አይዞህ፣ አልጎረሰም። ደግሞ ሴፍቲው ተዘግቷል።»

ልጅቷን ወደ ጎን አድርጌ ሽጉጡን ከእጃቸው ተቀበልኩ። አሸዋው በርሜል ላይ ደግኜ ካዝናውን አወጣሁ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳብኩ። አንድ ጥይት ተስፈንጥሮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጎርሷል። ሴፍቲውም፣ ማለትም ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ማርሽ፣ ክፍት ነበር። እሳቸው ለ20 ዓመት የያዙት ማካሮቭ ነው፤ ማካሮቭ ላይ ማርሹ ወደ ላይ ሲሆን ይዘጋል። ቤሬታ 92 ኤፍኤስ ላይ ግን ወደ ታች ሲሆን ነው የሚዘጋው፤ ወደ ላይ ሲሆን ይከፈታል። ቤሬታውን ከገዙ ጀምሮ በየጠዋቱ ዘጋሁት ብለው የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። መዶሻው ወርዶ ስለነበር ቃታው ከበድ ይል ይሆናል እንጂ ይተኮስ ነበር። ነገሩን በእጄ እያሳየሁ ስነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ወንበር አምጥቼ ተቀመጡ። ቆይተው «የልጅ ልጄን ታቅፌያት ነው ከቤት የወጣሁት» አሉኝ።

ሰውየው ሞኝ አይደሉም። ሦስት ሱቅ ያስተዳድራሉ። ማንም ስላላስተማራቸው ነው፤ ለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው።

ማህደር ሦስት ሥራ አለው። ቃታውን ይሸፍናል፣ ሽጉጡን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያቆየዋል፣ ሲወጣም እጅ መጀመሪያ እጀታውን አጥብቆ እንዲይዝ ያስገድዳል። ወገብ ውስጥ እንዲሁ የተሻጠ ሽጉጥ ደረጃ ስትወጡ ይንሸራተታል፣ ስትቀመጡ ይዞራል፣ ስትቆሙ እጃችሁ ሳታስቡት ሊያስተካክለው ይሄዳል። በዚያ መሃል የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ገመድ ቃታው መከለያ ውስጥ ቢገባ ቃታው ጣት ነው ገመድ ነው ብሎ አይመርጥም። ግሎክ ከውጭ የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፤ ቃታው መሃል ያለችው ትንሽ ምላስ ማንኛውም ነገር ሲጫናት ትለቃለች። የድሮው ቶካሬቭም ሴፍቲ የለውም፣ መዶሻውን በግማሽ ከማቆም በስተቀር። እነዚህን ያለ ማህደር መያዝ ራስን ለመጉዳት ቀጠሮ መስጠት ነው።

ስትገዙ ይህን እዩ፦ ማህደሩ ለእናንተው ሽጉጥ ልክ የተሠራ ይሁን፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ አይጨፍን። አፉ የሚጨፍን ለስላሳ ማህደር ሽጉጡን መልሳችሁ ስታስገቡ ታጥፎ ራሱ ቃታ ሊስብ ይችላል። አሮጌ ቆዳ ከንፈሩ ከላላ ጣሉት። ስታስገቡ ደግሞ አትቸኩሉ፤ ልብሳችሁን በሌላው እጅ ሰብስባችሁ፣ ጣታችሁን በሽጉጡ ጎን ዘርግታችሁ፣ እያያችሁ አስገቡ። ሽጉጥ በፍጥነት ማውጣት የሚያስፈልግበት ቀን ይኖር ይሆናል፤ በፍጥነት መመለስ የሚያስፈልግበት ቀን ግን የለም።

«አልጎረሰም፣ ባዶ ነው»

የባረቀበት ሰው ሁሉ የተናገረው ቃል ነው። ካዝናውን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ካዝናው ወጥቶም የጎረሰችው አንዷ ጥይት በአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ውስጥ ትቀራለች። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ።

«9 ሁሉ 9 ነው»

አይደለም። 9 የሚባለው የአረሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የማካሮቭ ጥይት ግን የቀለሁ ርዝመት 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ አረሩም ሰፋ ይላል፤ የቤሬታና የግሎኩ ቀለህ 19 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ በሌላው አይተኮስም። «ያው 9 ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ።

«ቦርሳ ውስጥ ባደርገው ማን ያውቃል?»

በዚህ ከተማ የሚነጠቀው ቦርሳ ነው። ቦርሳችሁ ሲሄድ ሽጉጣችሁ ከነጥይቱ በሌባ እጅ ይገባል።

«ወደ ሰማይ ብተኩስ ይበተናሉ»

ወደ ላይ የወጣ አረር ይወርዳል፤ የት እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም። ዘንበል ብሎ ከተተኮሰ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ለገሃር የተተኮሰ ብሔራዊ ቴአትርን አልፎ ይወርዳል ማለት ነው።

«ሽጉጥ ካለኝ ማጅራት መቺ አይነካኝም»

ስሙን ልብ በሉት፣ ማጅራት መቺ ነው። ከኋላ ነው የሚመጣው። አንዱ አንገት ያንቃል፣ ሌላው ኪስ ይፈትሻል፤ ታናቂው እጁን ወደ ወገቡ ሳይሆን ወደ ጉሮሮው ነው የሚልከው። በዚያች ደቂቃ ሽጉጡን የሚያገኘው ኪስ ፈታሹ ነው።

ከፊት ቢመጣስ? በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ዴኒስ ቱለር ስለ ርቀት የጻፈው ነገር በየማሠልጠኛው ይነገራል፦ ጩቤ የያዘ ሰው 6 ሜትር ተኩል ገደማ ለመሮጥ የሚፈጅበት አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ነው፤ የሠለጠነ ሰው ሽጉጥ አውጥቶ ለመተኮስም የሚፈልገው ያንኑ ያህል ነው። እኔም በግቢያችን ሞክሬዋለሁ። ወጣቱን ጥበቃ ሰባት እርምጃ አራቅኩት፤ የፕላስቲክ ሽጉጥ በማህደር ታጥቄ፣ ኮት ደርቤ ቆምኩ። «ና!» አልኩት። ከአምስት ሙከራ ሁለቴ ብቻ ነው አፈሙዙን ያቀናሁት፤ ያውም እንደሚመጣ እያወቅኩ። በሌሎቹ ሦስቱ እጄ ኮቱ ውስጥ እንዳለ ደረቴን ይዞኛል። ኮት ደርባችሁ የምትታጠቁ ሰዎች ይህን በባዶ ሽጉጥ ሳይሆን በፕላስቲክ መጫወቻ ቤታችሁ ሞክሩት።

ሌላው ስህተት ሌባውን መከተል ነው። አንድ የማውቀው ሰው ስታዲየም አካባቢ ስልኩን ነጥቀውት ሲሮጡ ሽጉጡን መዘዘ። ከሯጩ ኋላ ጀበና ቡና የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ፤ ደግነቱ አልተኮሰም። ሕዝቡ ግን ስልክ ሲነጠቅ አላየም፤ ያየው ሽጉጥ የመዘዘ ሰው ነው። ከበቡት፣ ፖሊስ ደረሰ፣ ያንን ሌሊት ያደረው ጣቢያ ነው።

ተኩሶ ቢሆንስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን ጥቃቱ ሕገወጥና አሁን የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፣ አጸፋውም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ስልክ ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ልጅ ለሕይወታችሁ አደጋ አይደለም። አንቀጽ 79 ከመጠን ላለፈ መከላከል ቅጣት ያቀልላል፤ ድንጋጤው ወይም ፍርሃቱ ይቅር የሚባል ከሆነም ፍርድ ቤቱ ሊተወው ይችላል። ያ ግን ጥቃት ለደረሰበት ሰው ነው። ጥቃቱ ካለቀ በኋላ ተኩሶ ለገደለ ሰው የሚጠብቀው ተራ የሰው ግድያ ነው፦ አንቀጽ 540፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። አረሩ ስቶ ቡና የምትቀዳውን ሴት ከመታስ? «እሷን አላሰብኩም» ማለት ሕይወቷን አይመልስም። ስልኩ ይሂድ።

«ፈቃድ ካለኝ የትም ይዤ እገባለሁ»

ፈቃዱ የሚለው ሽጉጡን መያዝ እንደምትችሉ ነው። በመሃል አዲስ አበባ ግን ባንክ፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት፣ የገበያ ሕንፃ፣ ሁሉም በር ላይ ፍተሻ አለ። መስከረም 16 ለደመራ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ ፍተሻ ናቸው። «በድብቅ መያዝ» የምትሉት ነገር ከቤታችሁ እስከ መጀመሪያው ጥበቃ ድረስ ብቻ ነው። በቀን አራት ቦታ ጉዳይ ያለው ሰው ሽጉጡን አራት ጊዜ ያወጣል፣ አራት ጊዜ ይመልሳል፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። ሳጥን የሌለው ቦታ ከደረሳችሁም መኪና ውስጥ ትታችሁት አትግቡ። ቀናችሁ እንደዚያ ከሆነ ጠዋት ቤት ቆልፋችሁት ውጡ፤ መጠጥ የምትቀምሱ ከሆነም እንደዚሁ፣ አንድ ቢራም ቢሆን።

በር ላይ ስትደርሱ እንዲህ አድርጉ። ፈታሿ እጇን ሳትዘረጋ በፊት በቃል ንገሯት፦ «መሣሪያ አለኝ፣ ቀኝ ወገቤ ላይ።» ኮታችሁን አትግለጡ፣ እጃችሁን ወደዚያ አትውሰዱ። ኃላፊው እስኪመጣ ጠብቁ፣ ፈቃዳችሁን በግራ እጃችሁ አሳዩ። ክፍሉ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ብቻ፣ አፈሙዙ አሸዋው ላይ ሆኖ፣ መጀመሪያ ካዝናውን፣ ቀጥሎ የጎረሰችውን ጥይት አውጡ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ከፍታችሁ ለኃላፊው አሳዩት፣ እሱም በጣቱ ይዳስስ። ስትወጡም ካዝናውን የምትመልሱት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው በርሜል ላይ ነው፤ ደረጃ እየወረዳችሁ፣ በስልክ እያወራችሁ አይደለም።