የታይሮይድ ካንሰር ክትትል በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምስል

የታይሮይድ ዕጢ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የቀረ ወይም የተመለሰ ነገር መኖሩን ከሚያሳዩት ምርመራዎች አንዱ የመላ ሰውነት የአዮዲን ምስል ነው። ከድሬዳዋና ከሐረር ለዚህ የሚላክ ታካሚ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኑክሌር ሕክምና ክፍል አለው። ምስሉን የሚያበላሸው ስህተት ግን ከጉዞው በፊት፣ እቤት ማድ ቤት ውስጥ ሊፈጠር ይችላል።

ፓፒላሪና ፎሊኩላር የሚባሉት ካንሰሮች እንደ ጤነኛው ታይሮይድ አዮዲን ይስባሉ። ሜዱላሪ የሚባለው ሌላው ዓይነት የታይሮይድ ካንሰር አይስብም፤ ለእሱ ይህን ምስል ማዘዝ ታካሚን ማንከራተት ነው። ግማሽ ዕድሜው (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 8 ቀን የሆነው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን 131 ከተዋጠ በኋላ የሚለቀውን ጋማ ጨረር ጋማ ካሜራ ይለቅማል።

ሴሎቹ አዮዲኑን በደንብ እንዲስቡ በደም ውስጥ ያለው ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያነቃቃው ሆርሞን) በሊትር ከ30 ሚሊዩኒት በላይ መድረስ አለበት። ለዚህ ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የወጣውን ታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ክኒን፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆማል፤ ወይም 0.9 ሚሊግራም የቲኤስኤች መርፌ 2 ቀን በተከታታይ ይወጋል። ክኒኑን ያቆመ ሰው በድሬዳዋ ሙቀት እንኳ ሊበርደው ይችላል፤ ይፈዛል፣ ሆዱ ይደርቃል። ስለዚህ መኪና አይንዳ።

ከ1 እስከ 2 ሳምንት ደግሞ አዮዲን ያለበት ምግብ ይቀነሳል። ገበያ ላይ ያለው የታሸገ ጨው አዮዲን የተጨመረበት ነው። ወጡን ያለ ጨው የሠራ ሰው በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው እንደገባባቸው ይረሳል፤ ለዚህ ጊዜ የሚሆን ለብቻው ቢፈጭ ይሻላል። ወተት (የግመልም ጭምር)፣ የዕንቁላል አስኳልና የባሕር ዓሣ ይቀራሉ፤ ዕንቁላል የገባበት የቁርስ ፈጢራም እንዲሁ። ክልከላው የአዮዲን እንጂ የጨው አይደለም፤ አዮዲን የሌለው ጨው ከተገኘ ይበላል። በቅርቡ በኮንትራስት (አዮዲን ባለበት የምስል ማድመቂያ መድኃኒት) ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው ግን ምግቡን ቢጠብቅም ዋጋ የለውም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ይኖርበታል።

ለምርመራ ከ2 እስከ 5 ሚሊኩሪ (የጨረር መለኪያ) አዮዲን 131 ይዋጣል፤ ምስሉ የሚነሣው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ ስለሆነ ማደሪያ አስቀድሞ ይታሰብበት። መጠኑን ማብዛት አይጠቅምም፤ ሴሎቹን አደንዝዞ ቀጥሎ የሚመጣውን የሕክምና አዮዲን እንዳይስቡ ሊያደርግ ይችላል። እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትወስድም፤ የምታጠባም ከሳምንታት በፊት ጡት ማስጣል አለባት።

ምራቅ ዕጢ፣ ጨጓራና ፊኛ በምስሉ ላይ መድመቃቸው የተለመደ ነው። ልብስ ላይ የነካ ሽንት የዳሌ አጥንት ስርጭት፣ ሻሽ ላይ የነካ ምራቅ የአንገት ንፍፊት ሊመስል ይችላል። አጠራጣሪ ነጥብ ከታየ ልብስ ተቀይሮ፣ ቆዳ ታጥቦ እንደገና ይነሣል።

ምስሉ ብቻውን አይነበብም። የታይሮይድ ሴሎች የሚሠሩት ታይሮግሎቡሊን የተባለ ፕሮቲን፣ ሰውነት በእሱ ላይ ከሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ጋር አብሮ በደም ይለካል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ ቁጥሩ በሐሰት ዝቅ ሊል ይችላል። ታይሮግሎቡሊኑ እየጨመረ የአዮዲን ምስሉ ንጹሕ ከሆነ፣ ካንሰሩ አዮዲን መሳብ ትቶ ሊሆን ስለሚችል ስኳር የሚስቡ ሴሎችን የሚያሳየው ሌላ ምስል፣ ፔት ሲቲ፣ ይታሰባል። በተቃራኒው ስጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ፣ ታይሮግሎቡሊኑ ለማይታይና የአንገት አልትራሳውንዱ ንጹሕ ለሆነ ታካሚ ምስሉን በየዓመቱ መድገም አያስፈልግም፤ አልትራሳውንዱን ደግሞ እዚያው ድሬዳዋ ወይም ሐረር ይነሣል።