የአባት ስም በወሎ የዘር ሐረግ፤ አባትነት ባልጠራ ጊዜ

በወሎ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ነው፤ ከዚያ የአያት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ለልጅ ልጅ የሚሻገር የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ልማዱ አልያዘም። ስለዚህ የአንድ ሰው አባት ሲያጠራጥር ጉዳቱ በእሱ አይቆምም። አጠራጣሪው ስም በልጁ መታወቂያ ላይ አያት ይሆናል፤ በልጅ ልጁ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። በሁለት ትውልድ ውስጥ ያልተጻፈ ጥርጣሬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራል።

ትውልድ መቁጠር ድሮ ጨዋታ አልነበረም። ክርስቲያኑ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ርስት በነበረባቸው ወረዳዎች ደግሞ መሬት በአባትም በእናትም በኩል ስለሚጠየቅ፣ ተሟጋች ከአቅኚው ጀምሮ «እገሌ እገሌን ይወልዳል» እያለ እስከ ራሱ ይወርዳል። ባላጋራው የሚመታው ደካማውን ዘለላ ነው፤ «እሱ የዚያ ልጅ አይደለም፣ ዲቃላ ነው» ይላል። በዚህ ምክንያት የቆዩ ሐረጎች ላይ ክፍተት አይታይም። የጎደለው ሁሉ ተሞልቷል፤ የተሞላው ግን ሁልጊዜ በእውነት አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ለመዋሸትም ለማስታወስም የነበረው ምክንያት አብሮ ቀረ።

በደንብ የተጻፈልን የመኳንንቱ ቤት ነው፤ ወሎም በዚህ አትታማም። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. የተወለዱት ከወሎዋ ወይዘሮ አብቺ ነው። እናትየው ከምኒልክ ጋር የቆዩት ለአጭር ጊዜ ነበር፤ ልጅቱ ግን ካባታቸው ዘንድ አድገው «ዘውዲቱ ምኒልክ» ተባሉ፤ በ1909 ዓ.ም. ዙፋን ላይ ወጡ። አባት ልጄ ካለ የእናት ማዕረግ ስሙን አያስቀረውም ነበር ማለት ነው። የወረ ሂማኖው መሐመድ አሊ ጉዳይ ሌላ ነው። አባታቸው ኢማም አሊ መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም፤ ችግሩ የኢማሙ የፈረስ ስም «አባ ቡላ» አንዳንድ ሐረግ ላይ እንደ ሌላ አባት ተቆጥሮ መገኘቱ ነው። እኚሁ መሐመድ አሊም በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ አፄ ዮሐንስ ክርስትና ሲያነሷቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። መሐመድንና ሚካኤልን ወንድማማች አድርጎ የጻፈ ቆጣሪ ቢገኝ አይገርምም። ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም እየሆነ ሁለት ስም የያዘ ተራ ባላገርም ብዙ ነበር። የንጉሥ ሚካኤልን ልጅ የልጅ ኢያሱን ሐረግ ከነቢዩ መሐመድ ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል ተብሎ በጠላቶቻቸው ተወርቷል፤ ወሬው ግን ከሥልጣን ማውረጃው ክስ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ እንደ ማስረጃ መያዝ አይገባውም።

የተራው ሰው ነገር የሚገኘው በቃል ነው። አባት የታጣበት ልጅ ብዙ ጊዜ በእናቱ አባት ወይም በአጎቱ ስም ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ስም የአባት ስም ሆኖ ይቀራል። የእንጀራ አባት ስም የያዘም አለ። ጉዲፈቻ፣ ቃሉ ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፣ ልጁን ለአሳዳጊው ቤት ይሰጠዋል። ቁርኣን በምዕራፍ 33 አንቀጽ 5 እንዲህ ያሉ ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዛል፤ በሸሪዓም ያለ ኒካህ የተወለደ ልጅ ወደ እናቱ ይጠጋል። የገጠሩ ልማድ ግን ከዚህ ሲወጣ ይታያል፤ ያሳደገ አባት ነው የሚለው ስሜት ይበረታል።

በጣልያን ዘመን የተወለዱት ልጆች ጉዳይ የባሰ ነበር፤ በ1932 ዓ.ም. የወጣው የጣልያን ሕግ ኢጣሊያዊ አባት ከአገሬው ሴት ለወለደው ልጅ ስሙን እንዳይሰጥ ከለከለ። የ1966 እና የ1977 ረሃብም ቤተሰብ በትኗል።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከጋብቻ በኋላ ከ180 ቀናት በላይ ቆይቶ፣ ወይም ጋብቻው በፈረሰ በ300 ቀናት ውስጥ የተወለደን ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጥራል፤ አባቱም ባልየው ነው ይላል። ከ2008 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ልደት በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይጻፋል። እነዚህ ሰነዶች የሚያስረዱት ሕጋዊ አባትን ነው፤ የሥጋ አባት ሌላ ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የዘር ሐረግ መዝጋቢ ምን ይጻፍ? ሰውየው የተጠራበትን ስም ሳያርም ይጻፍ፤ ጥርጣሬውን ከጎኑ ያኑር። «ሰይድ ይመር፤ ይመር የእናቱ አባት ነው፤ የወላጅ አባቱን የነገረን የለም» ማለት በቂ ነው። ሁለት አባት ከተነገረ ሁለቱም ይጻፉ፣ ማን መቼ እንደነገረን ጭምር። «ወረ» በኦሮምኛ ወገን ማለት ስለሆነ ከወረ ባቦ ነኝ ያለ ሰው ስለ ቤቱ እንጂ ስለ አባቱ አልነገረንም። በብራና ላይ ደግሞ «ወልደ» ያሳስታል፤ «ኃይሉ ወልደ ሚካኤል» የሚካኤል ልጅም፣ አባቱ ወልደ ሚካኤል የተባለ ሰውም ሊሆን ይችላል። «ዲቃላ» የሚለውን ቃል እኔ አልጽፍም፤ ስድብ ነው፣ የማንን ልጅነትም አይነግርም።

በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ ለማሽሟጠጥ ነው የሚተረተው። ለመዝጋቢ ግን የበቅሎዋ መልስ ጥሩ መልስ ነው፤ የምታውቀውን ነገረችን። በወሎ ሐረጎች ላይ ሴቶች እምብዛም አይጻፉም፤ አባቱ ያልጠራ ሰው ዘንድ ግን የእናት ስም፣ የአባቷ ስምና የተወለደችበት ቀበሌ ከሁሉ ቀድሞ ይጻፋል።