ፊልተር ሁክ ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ላይ የፊኒሺንግ ዕቃ የሚሸጥ ጎረቤት አለኝ። ሴራሚክ፣ ቧንቧ፣ የበር ቁልፍ። ድረ ገጹን በዎርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው) የሠራሁለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደወለና «ስማ እንጂ፣ ይሄ ሊንክ ምን ሆኖ ነው? ደንበኛ ስልክለት ቫይረስ ነው ብሎ አልከፍትም አለ» አለኝ።

ደንበኛው አይፈረድበትም። ጎረቤቴ ርዕሱን የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ዎርድፕሬስ ደግሞ ከርዕሱ ሊንክ ሲያወጣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በፐርሰንት ምልክት፣ በቁጥርና በላቲን ፊደል ይተካዋል። አንዷ «ሀ» ብቻዋን 9 ምልክት ትሆናለች። ለዚህ የሊንኩ ክፍል የተፈቀደው ቦታ 200 ነው። ስለዚህ ረዘም ያለ የአማርኛ ርዕስ 22ኛው ፊደል አካባቢ ይቆረጣል። የተረፈውም ሰው የሚያነበው ነገር አይደለም።

ይህን የሚያስተካክለው ፊልተር ሁክ ነው። «ፊልተር» ሲባል የውሃ ማጣሪያ ከታያችሁ እርሱት፤ እዚህ የሚጣራ ነገር የለም። ይልቅ በየሰፈራችን የማይጠፋውን የግንባታ ቦታ አስቡ። የቀን ሠራተኞች ደረጃው ላይ ተደርድረው ብሎኬት ይቀባበላሉ። አንዱ ይቀበላል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ዎርድፕሬስም ሊንኩን እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፈዋል። ሁክ ማለት ሰልፉ ውስጥ ገብታችሁ የምትቆሙበት ቦታ ነው። ሊንኩ እጃችሁ ሲገባ የፈለጋችሁትን ታደርጉና ታሳልፉታላችሁ።

ሰልፉ ውስጥ የሚያስገባችሁ ትእዛዝ «አድ ፊልተር» ይባላል። የሁኩን ስም፣ የራሳችሁን ፋንክሽን (ሥራውን የሚሠራውን የኮድ ቁራጭ) ስምና የተራ ቁጥር ትሰጡታላችሁ። ቁጥር ካልሰጣችሁ 10 ይሆናል። ትንሹ ይቀድማል።

ይህችን ቁጥር ንቄ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። «ሳኒታይዝ ታይትል» በሚባለው ሁክ ላይ የአማርኛውን ፊደል ወደ ላቲን የሚቀይር ፋንክሽን አስገባሁ። ምንም ለውጥ የለም። ለካ የዎርድፕሬስ የራሱ ሠራተኛ እዚያው 10 ላይ ቀድሞኝ ቆሟል። እኔ ጋ ሲደርስ አማርኛው አልቆ ፐርሰንት ብቻ ቀርቷል። ቁጥሩን 9 ሳደርገው ተስተካከለ።

ሌላው ጣጣ «ሪተርን» ነው። ፋንክሽናችሁ የተቀበለውን መልሶ ማቀበል አለበት። ብሎኬቱን ይዞ ከቀረ ከላይ ያለው ባዶ እጁን ይቀራል። አንዴ ሊንክ ለእይታ ሲወጣ በሚሠራ ሌላ ሁክ ላይ ረስቼው የዕቃዎቹ ሊንክ ሁሉ ባዶ ሆነ። የትኛውም ርዕስ ሲነካ ያው ገጽ ተመልሶ ይከፈታል።

«ሳኒታይዝ ታይትል» ሊንኩ ሲቀመጥ ነው የሚሠራው። ተቀምጦ ያለቀው ለእይታ ሲወጣ መነካካት የፈለገ ለጽሑፍ «ፖስት ሊንክ»፣ ለቋሚ ገጽ «ፔጅ ሊንክ»፣ እንደ ሸቀጥ ላሉ ልዩ ዓይነቶች «ፖስት ታይፕ ሊንክ» አለለት። ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ የሚቀይሩት የሚታየውን አድራሻ ብቻ ነው። ቤታችሁ ብሎክ 54 ሆኖ ለእንግዳ «ብሎክ 45» ብላችሁ ብትልኩለት ቤቱ አይነሳም። እንግዳው ደረጃ ወጥቶ የሰው በር ያንኳኳል። አድራሻው እንዲሠራ የሪራይት ሕጉም፣ ማለትም የትኛው አድራሻ የትኛውን ገጽ እንደሚከፍት የሚወስነው፣ አብሮ መቀየር አለበት።

ኮዱን የት እንጻፈው ለሚል፦ የቴሙ (የድረ ገጹን መልክ የሚወስነው ክፍል) ፋይል ውስጥ አትጻፉት፣ ቴሙ አፕዴት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። ትንሽ ፕለጊን (ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ) ወይም ቻይልድ ቴም (የዋናው ቴም አፕዴት የማይነካው ተቀጥላ ቴም) ይሻላል።

ቀድሞ የተቀመጡትን ሊንኮች ፊልተሩ ስለማይነካቸው የጎረቤቴን የድሮ ዕቃዎች አንድ በአንድ ቀየርኳቸው። አመሻሹ ላይ ሱቁ ሄጄ በኩራት አሳየሁት። ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ አየና «ሴራሚክ የሚጀምረው በኤስ ነው እንዴ?» አለኝ።