ሁለተኛ ቋንቋ የአፍ መፍቻ ቋንቋን አነጋገር እንዴት ይለውጣል?

ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ቃና ይዞ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣው ተጽዕኖ ግን ብዙም አይወራለትም። አዲሱ ቋንቋ ዞሮ የመጀመሪያውን ይነካዋል፤ በልጅነት ተደላድሎ ያበቃ የሚመስለው የድምፅ አወጣጥም በአዋቂነት ይለወጣል።

ለውጡ በብዛት የተለካው እንደ «ፐ»፣ «ተ» እና «ከ» ባሉ ድምፆች ላይ ነው። እነዚህን ስንናገር አየሩ አፍ ውስጥ ታግዶ ይለቀቃል። ከተለቀቀ በኋላ የድምፅ አውታሮች መርገብገብ እስኪጀምሩ አጭር ክፍተት አለ። ክፍተቱ በፈረንሳይኛ «ተ» 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ በእንግሊዝኛ በቃል መነሻ ላይ ከ70 ሊያልፍ ይችላል፤ የእንግሊዝኛው «ተ» ትንፋሽ ትንፋሽ የሚለውም ለዚህ ነው። የንግግር ድምፅ ተመራማሪው ጄምስ ፍሌጅ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት፣ ቺካጎ የሚኖሩ ፈረንሳውያን በገዛ ፈረንሳይኛቸው ክፍተቱን አስረዝመውት፣ ፓሪስ የሚኖሩ አሜሪካውያን ደግሞ በገዛ እንግሊዝኛቸው አሳጥረውት ተገኝተዋል።

በፍሌጅ ማብራሪያ መሠረት የሁለቱ ቋንቋዎች ድምፆች አእምሮ ውስጥ በአጥር አልተለያዩም፤ አንድ ስፍራ ይጋራሉ። ተናጋሪው ሁለቱን «ተ»ዎች እንደ አንድ ከቆጠራቸው እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ለአዲሱ ድምፅ የራሱን ቦታ ሲሰጠው ግን ነባሩ ገለል ሊልለት ይችላል። የዚህ ምሳሌ ከኢኳዶር ይገኛል። የአገሬው ነባር ቋንቋ ኪቹዋ ሦስት አናባቢዎች፣ ስፓንኛ አምስት አሏቸው፤ ሱዛን ጊዮን እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳየችው፣ የስፓንኛን አናባቢዎች በሚገባ የያዙ የኪቹዋ ተናጋሪዎች የራሳቸውን አናባቢዎች ምላሳቸውን ከፍ አድርገው ያወጧቸዋል። ለአዲሶቹ ቦታ ሲለቁ ነው ማለት ይቻላል።

የንግግር ዜማም አያመልጥም። ኢነከ መነን ግሪክኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ አምስት ሆላንዳውያንን መርምራ፣ በአራቱ የሆላንድኛ ዜማ ላይ የግሪክኛን አሻራ አግኝታለች። አምስተኛው ሁለቱን ለይቶ ይዟል፤ ስለዚህ ለውጡ የማይቀር ዕጣ አይደለም።

ይህ ሁሉ የረጅም ዓመታት ስደት ውጤት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቻርልስ ቻንግ ኮሪያ ውስጥ ቋንቋውን ከ«ሀ» የጀመሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አዋቂዎችን ሲከታተል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንግሊዝኛቸው ወደ ኮሪያኛ ሲሳብ ታዝቧል። ገና አዲሱን ቋንቋ አጥርተው ሳይናገሩ ነባሩ ፈቀቅ ብሏል!

ከውጭ የተመለሰን ሰው «ሆን ብሎ አነጋገሩን ለወጠ» ብሎ ማማት በየቋንቋው አለ። አስመሳይ አይጠፋም፤ ነገር ግን በሚሊ ሰከንድ የሚለካ ለውጥ በፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ተናጋሪው ራሱም ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ቃላትና ሰዋስው ከሚጠፉበት የቋንቋ መሸርሸር ጋርም መምታታት የለበትም።

ለውጡ ወደ ኋላም ይመለሳል። ሚሼል ሳንሲየርና ካሮል ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የተከታተሏት በብራዚልና በአሜሪካ መካከል የምትመላለስ ተናጋሪ፣ አሜሪካ ከርማ ስትመጣ የፖርቱጋልኛዋም የእንግሊዝኛዋም ክፍተት ይረዝም ነበር። ብራዚል ከርማ ስትመለስ ደግሞ በሁለቱም ያጥራል።