ሴዲሽን በአሜሪካ ሕግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ ኮንግረስ ሕንፃ የሆነው ካፒቶል ከተወረረበት ከጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ወዲህ ሴዲሽን (በመንግሥት ላይ ማሳመፅ ወይም ማሴር) የሚባለው ወንጀል በየውይይቱ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሕጉ በማይለው መንገድ። እዚህ የምናነሳው የአሜሪካን ፌዴራል ሕግ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መንግሥትን ክፉኛ መንቀፍ ሴዲሽን ነው»

ዛሬ አይደለም፤ ድሮ ግን ነበር። ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በ1798 የፈረሙት ሕግ በመንግሥት፣ በኮንግረስ ወይም በፕሬዚዳንቱ ላይ ሐሰተኛና ስም አጥፊ ጽሑፍ ያወጣን ሰው እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 2,000 ዶላር ያስቀጣ ነበር። የተቃዋሚው ወገን መሪ የነበሩትን ምክትል ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰንን ግን ሕጉ ከስድብ አይጠብቃቸውም ነበር። ለማን ተብሎ እንደወጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። የቬርሞንቱ የምክር ቤት አባል ማቲው ላየን 4 ወር ተፈርዶበት፣ እስር ቤት ሳለ በድጋሚ ተመረጠ። የሕጉ ዘመን በ1801 አበቃ።

በ1918 የባሰው መጣ። የስለላ ሕጉ ተሻሽሎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት መንግሥትን፣ ሰንደቅ ዓላማውን ወይም ሠራዊቱን የሚያዋርድ ንግግር እስከ 20 ዓመት እንዲያስቀጣ ተደረገ። ማሻሻያው ከጦርነቱ በኋላ ተሻረ።

አሁን የሚሠራው መለኪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 በብራንደንበርግ ጉዳይ ያስቀመጠው ነው። አመፅ የሚቀሰቅስ ንግግር የሚያስቀጣው ወዲያውኑ የሚፈጸም ሕገወጥ ድርጊት ለማስነሳት ታስቦ ሲነገርና የማስነሳት ዕድሉም እውን ሲሆን ነው። አንዱ ከጎደለ አያስቀጣም።

«ብቻውን የሚዝት ሰው ይከሰስበታል»

በሌላ ወንጀል ሊከሰስ ይችላል፤ በዚህኛው ግን ቢያንስ ሁለት ሰዎች መስማማት አለባቸው። የፌዴራል ሕጉ ርዕስ 18፣ አንቀጽ 2384 የሚቀጣው መንግሥትን በኃይል ለመገልበጥ፣ ሥልጣኑን በኃይል ለመቃወም፣ የሕግን አፈጻጸም በኃይል ለማገድ ወይም ለማዘግየት፣ ወይም የመንግሥትን ንብረት በኃይል ለመያዝ የተደረገን ሴራ ነው። ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል።

ዐቃቤ ሕግን የሚፈትነው ይኸው «በኃይል» የሚለው ቃል ነው። ሁታሪ የተባለው የሚሺገን ታጣቂ ቡድን አባላት በ2012 ከዚህ ክስ ነጻ የወጡት፣ ጥላቻ የተሞላ ንግግራቸው ቢቀርብም በተጨባጭ ዕቅድ ላይ መስማማታቸው ስላልተረጋገጠ ነው።

«ቦታው ላይ ያልነበረ አይጠየቅም»

ወንጀሉ ስምምነቱ ስለሆነ ይጠየቃል። ኦዝ ኪፐርስ የተባለው ታጣቂ ቡድን መሪ ስቱዋርት ሮድስ ካፒቶል ውስጥ ሳይገባ 18 ዓመት ተፈረደበት። ፕራውድ ቦይስ የተባለው ቀኝ አክራሪ ቡድን መሪ ኤንሪኬ ታሪዮ በዕለቱ ዋሽንግተን ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ የተፈረደበት ግን 22 ዓመት ነው። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሮድስን ቅጣት አሳጠሩ፣ ለታሪዮ ይቅርታ አደረጉ። አንቀጽ 2384 ግን አልተነካም።

«ካፒቶል የገባ ሁሉ በሴዲሽን ተከሷል»

ከ1,500 በላይ ተከሳሾች መካከል በዚህ አንቀጽ የተከሰሱት 18 ናቸው። ከእነሱም 4ቱ ከዚህ ክስ ነጻ ወጥተዋል።

«ከአገር ክህደት ጋር አንድ ነው»

አገር ክህደት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የተተረጎመ ብቸኛው ወንጀል ነው፦ በአሜሪካ ላይ ጦርነት መክፈት ወይም ለጠላቶቿ መተባበርና መርዳት። ለዚያውም አንድን ድርጊት ያዩ ሁለት ምስክሮች ወይም በግልጽ ችሎት የተሰጠ የእምነት ቃል ያስፈልጋል። ቅጣቱ እስከ ሞት ይደርሳል። ሴዲሽን የሁለት ምስክሮች ግዴታ የለበትም።

«ዜጋ ያልሆነን ሰው አይመለከትም»

ይመለከታል። ግብፃዊው ሼክ ኦማር አብደል ራህማን በ1995 ጥፋተኛ የተባለው በዚሁ ክስ ነው።

በስደት ለሚኖር ወገን ደግሞ ሌላ ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። አንቀጽ 2384 የሚጠብቀው የአሜሪካን መንግሥት ነው፤ የትውልድ አገርን መንግሥት በሰልፍ፣ በጽሑፍ ወይም በዩቲዩብ መቃወምን አይነካም። ነገር ግን በዚያው ርዕስ አንቀጽ 960፣ ከአሜሪካ ጋር በሰላም ባለ አገር ላይ ከአሜሪካ ምድር የጦር ዘመቻ ማዘጋጀትን፣ ለዘመቻው ገንዘብ መስጠትንም ጭምር፣ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። በ2014 መጨረሻ በጋምቢያ በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት እጃቸው የነበረበት የአሜሪካ ነዋሪዎች በዚህ ሕግ ተከሰው ጥፋታቸውን አምነዋል።