«ሰው የለኝም» ስለ ኩላሊት፣ ስለ ቲቪ ሾው እና ስለ መፃጉዕ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰላም ውድ ወገኖቼ እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናታችን ከቦርሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው «ልጄ ይሄ የመንግሥት ወረቀት ምን ይላል? አንዷ ሴትዮ፣ ኩላሊትሽን ሊወስዱ ነው አለችኝ» አሉኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት በልጆቻቸው በኩል የመጡ ናቸው። ሆላንድ የምንኖር ሰዎች ደብዳቤውን እናውቀዋለን፣ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሕጉ ስለተቀየረ 18 ዓመት የሞላው ነዋሪ ከሞተ በኋላ አካሉን ይሰጥ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ዝም ካለ ሁለተኛ ደብዳቤ ይመጣል፣ አሁንም ዝም ካለ «ተቃውሞ የለውም» ተብሎ ይመዘገባል። ይሄን ሳስረዳቸው የድሮ ነገር ትዝ አለኝና ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2007 ነው፣ በእኛ ግንቦት 24 ቀን 1999። ያኔ እዚሁ ሆላንድ የስደተኞች ካምፕ ነበርኩ፣ ቋንቋውም ገና አልገባኝም። በጋራ ሳሎናችን ቲቪ ላይ አንዲት ሴትና ሦስት ወጣቶች ይታያሉ፣ ደጋግመው «ኒር» ይላሉ፣ ኩላሊት ማለት እንደሆነ የነገረን አንድ የሶማሌ ልጅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሊዛ የተባለች የ37 ዓመት ሴት የጭንቅላት እጢ አለባት፣ ልትሞት ነው፣ ኩላሊቷን ከሦስቱ በሽተኞች ለአንዱ ልትሰጥ ነው፣ ለማን እንደምትሰጥ ደግሞ ታሪካቸውን እያየች እዛው ካሜራ ፊት ትወስናለች። ቲቪ የሚያየው ሰው «ለእገሌ ስጪው» ብሎ በ35 ሳንቲም ቴክስት ይልካል። ሾው እኮ ነው! እንደ ዘፈን ውድድር። ሦስቱ ቤተሰባቸውን ያሳያሉ፣ ምን መሆን እንደሚመኙ ያወራሉ፣ ማለትም በሌላ አነጋገር እኔ ልኑር እያሉ ነው።

ገና ሳይተላለፍ አገሩ ተናውጦ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልከነንደ ሳይቀሩ የአገር ስም ያጠፋል ብለው ተቃውመዋል፣ ፓርላማ ውስጥም ይታገድ ያለ ነበር። ግን ተላለፈ፣ ከሚሊዮን በላይ ሰው አየው። መጨረሻ ላይ ሊዛ ስሙን ልትጠራ ስትል አቅራቢው ፓትሪክ ሎዲርስ አስቆማትና ሁሉም ነገር የተቀናበረ መሆኑን ተናገረ። ሊዛ ተዋናይት ናት፣ የምትሰጠው ኩላሊት የለም። ሦስቱ ግን እውነተኛ በሽተኞች ናቸው፣ እውነቱንም ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ጣቢያው ቤኤንኤን ነው፣ መሥራቹ ባርት ደ ግራፍ የተተከለለትን ኩላሊት ሰውነቱ አልቀበል ብሎት በ2002 በ35 ዓመቱ ነው የሞተው፣ ይሄን ያደረጉት በእሱ አምስተኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ዓላማቸው ወረፋ ላይ ያለውን በሽተኛ ሕዝቡ እንዲያይ ነበር፣ ኩላሊት የሚጠብቅ ሰው በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ ይቆይ ነበርና። ተሳካላቸውም፣ በጁላይ ወር ብቻ ወደ 7,300 አዲስ ሰው አካሉን ለመስጠት ተመዘገበ። መጀመሪያ የተቃወመው የሚዲያ ሚኒስትሩ ፕላስተርክም በኋላ አሞገሳቸው፣ በ2008 ደግሞ ኢንተርናሽናል ኤሚ የሚባለውን የቲቪ ሽልማት ተሸለሙበት።

እንግዲህ እኛ እንደ ክርስቲያን ምን እንላለን? ብዙዎቻችሁ «ጥሩ አልሆነ እንዴ፣ ስንት ሰው ዳነ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ የሮሜ መልእክት ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስ «መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ» የሚለውን አባባል በስሙ ሲያወሩበት እንዴት እንደተቆጣ ምዕራፍ 3 ቁጥር 8 ላይ አንብቡት። ውሸት ኩላሊት ቢያስገኝም ውሸት ነው። ያ 35 ሳንቲም የላከው ሰው ለሌለ ኩላሊት ነው የላከው።

ግን ደግሞ ነቢዩ ናታን አለ። ለዳዊት ስለ ሀብታሙና ስለ ድሃው፣ ስለዛች አንዲት በግ፣ ያልሆነ ታሪክ እንደሆነ አድርጎ ነገረው አይደል፣ ዳዊት ተቆጥቶ «ይህን ያደረገ ሰው የሞት ልጅ ነው» ሲል ያኔ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው (2ኛ ሳሙ. 12)። የዛን ቀን ማታ ቲቪ ላይ የሆነውም ይሄን ይመስላል፣ አገር በሙሉ «እንዴት ሦስት ሰው ለአንድ ኩላሊት ያወዳድራሉ!» ብሎ ሲቆጣ፣ ወረፋው ላይ በየቀኑ የሚሆነው እኮ ይሄው ነው፣ አንዱ ያገኛል ሌላው ሳያገኝ ይሞታል፣ ልዩነቱ ካሜራ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ቁጣቸው ወደ ራሳቸው ተመለሰ። ይሄን አልክድም። ሦስቱን ወጣቶች ደግሞ አከብራቸዋለሁ፣ ለራሳቸው ምንም እንደማያገኙ እያወቁ ነው ሕመማቸውን ያሳዩት፣ የለመኑት ከኋላቸው ለተሰለፈው ሁሉ ነው። ቢሆንም ናታን ዳዊትን ፊት ለፊት ነው የገሰጸው፣ አደባባይ ላይ አስቀምጦ ሕዝብ እያስመረጠ አልነበረም።

ከውሸቱ በላይ ልቤን የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ አደራ በደንብ ስሙኝ። ያ ሾው ሕዝቡን «ለማን ይገባዋል?» ብሎ እንዲያስብ አስተማረው። ወጣቱ ይሻላል፣ ቆንጆዋ ትሻላለች፣ ልጅ ያለው ይሻላል። ሾው ነው ብለን እንዳናልፈው እኛም ጋ አለ። አገር ቤት የኩላሊት ሕመምተኛ ለእጥበት ብር ሲያጣ ፎቶው ከሐኪም ማስረጃው ጋር ይለጠፋል፣ ቲቪ ላይ ወጥቶ «ወገን ድረሱልኝ» ይላል። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙ የሚታጠብ ሰው በዛ ላይ አልቅሶ እንዲያሳየን እንፈልጋለን። በደንብ ያለቀሰው ብር ያገኛል፣ አንገቱን የሚደፋው ዝምተኛው አያገኝም። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፣ አንዱን አይቼ አንጀቴን በላውና ላኩ፣ ከሱ በታች ያለውን ግን አለፍኩት፣ ለምን ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ አሳፈረኝ፣ የመጀመሪያው ሕፃን አቅፎ ነበር።

አሁን ወደ ቤተ ሳይዳ እንሂድ። የዐቢይ ጾም አራተኛ እሁድን መፃጉዕ ብለን ስናከብር የምናነበው ዮሐንስ 5 ነው። አምስት መመላለሻ፣ ብዙ በሽተኛ፣ ዕውር፣ አንካሳ፣ ሰውነቱ የሰለለ፣ ሁሉም ውሃው እስኪናወጥ ይጠብቃል፣ ቀድሞ የገባ ይድናል። ወረፋ ነው እኮ! እንደውም ከወረፋም የባሰ ሽሚያ። አልጋው ላይ 38 ዓመት የኖረው ሰውዬ ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው አዎ እንኳን አላለም፣ «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተናታል። ሰው የለኝም። የኩላሊት በሽተኛ ማሽኑ ሳይቸግረው፣ ሐኪሙ ሳይቸግረው የሚያጣው ሰው ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ንቅለ ተከላ ሲጀመር ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር፣ እህት ለወንድም፣ እናት ለልጅ። ዘመድ የሌለውስ? ወይ ደሙ የማይገጥምለትስ? ሰው የለውም።

ጌታ ምን አደረገ? የሕይወት ታሪክህን ተናገር አላለውም፣ ከዳንክ በኋላ ምን ልትሠራበት ነው አላለውም። አባቶቻችን ሲያስተምሩ ደግሞ ይሄው መፃጉዕ በኋላ በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው እሱ ነው ይላሉ። አስቡት፣ በጥፊ የሚመታውን እጅ እያወቀ ነው የፈወሰው። ሕዝቡ በቴክስት ቢመርጥ ኖሮ መፃጉዕን ማን ይመርጠው ነበር?

ለዚህ ነው ከሞት በኋላ አካል የሚሰጥበት መንገድ፣ ሰጪው ተቀባዩን የማያውቅበት፣ ተቀባዩም ሰጪውን የማያውቅበት፣ ወደ ወንጌል የቀረበ ነው ብዬ የማምነው። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው እኮ ቃል በቃል ይሄ ነው። የወደቀ ሰው አይለምንህም፣ አንተም ፈራጅ አትሆንም።

«በትንሣኤ ጎደሎ ሆነን እንነሳለን ወይ» የምትሉ አላችሁ። እናታችንም የጠየቁኝ እሱን ነው። ቅዱስ ያዕቆብ ዘግሙድ ጣቶቹ፣ እጆቹ፣ እግሮቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው ነው ሰማዕት የሆነው፣ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት እግርም በጸሎት ቆመው ሳለ ነው የተቆረጠው። ጎደሎ ሆነው ይነሳሉ የሚል ክርስቲያን አለ? ከአፈር የሚያስነሳን አምላክ ኩላሊት አይቸግረውም። ጳውሎስም የገላትያን ሰዎች ሲያመሰግን ቢቻልስ ዓይናችሁን እንኳን አውጥታችሁ በሰጣችሁኝ ነበር ብሏቸዋል (ገላ. 4፥15)፣ እንደ ፍቅር ምልክት እንጂ እንደ ኃጢአት አላየውም።

ግን ማንንም አላስገድድም፣ በሐዋርያት ሥራ 5 ጴጥሮስ መሬቱን ሸጦ ከዋጋው ለደበቀው ለሐናንያ «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን?» ይለዋል፣ ማለት ባትሰጥም ትችል ነበር። ጥፋቱ የስጦታው ማነስ አይደለም፣ ውሸቱ ነው። ስጦታ በነጻነት ይሰጣል፣ በእውነትም ይሰጣል። ዝም ብሎ ደብዳቤውን ፍሪጅ ላይ ለጥፎ መርሳት ግን በወረቀት «ተቃውሞ የለውም» ቢባልም በልብ መስጠትም አይደለም መከልከልም አይደለም፣ ይሄ ከሁሉ ይከፋብኛል፣ ምክንያቱም የሞታችሁ ዕለት ያቺ ያለቀሰች ባለቤት ወይም ልጅ ናት ሐኪም ፊት ተቀምጣ «ምን ይፈልግ ነበር?» የምትባለው።

እናታችን ደብዳቤውን ሙሉውን አስነበቡኝ። አራት ምርጫ አለው፣ እሰጣለሁ፣ አልሰጥም፣ ቤተሰቤ ይወስን፣ ወይም እኔ የመረጥኩት አንድ ሰው ይወስን። በፈለጉት ጊዜ መቀየርም ይቻላል። «እንግዲህ የንስሐ አባቴን ልጠይቅ፣ ልጆቼንም ሰብስቤ ላውራቸው» አሉና መልሰው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዛ ሊሄዱ ተነስተው ካበቁ በኋላ ዞር ብለው «የሚወስደው ሰው ግን ሐበሻ ካልሆነስ?» አሉኝ። መፃጉዕም እኮ የማንም ዘመድ አልነበረም አልኳቸው፣ ዝም አሉ፣ ከዛ «እውነትክን ነው» ብለው ሄዱ።

እናንተም ደብዳቤው በቋንቋ ምክንያት ያልገባችሁ ካላችሁ የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን፣ ቀሲስም ይኖራሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።